በእሷ ቁመት የተሠራ ቤት

ቤት ላሠራ ብሎ የሚመጣ ሰው ጓዳውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አርክቴክቷ ይህን ያወቀችው ገና በወጣትነቷ ነው፤ አሁን ግን ማወቁ ራሱ ታክቷታል። ስንት መኝታ ቤት ይሁን ሲባሉ እርስ በርስ የሚተያዩ ባልና ሚስት፣ "እናቴም አብራን ትኖራለች" ሲል ድምፁን የሚቀንስ ልጅ፣ "ለእንግዳ የሚሆን ክፍል" እያለች ለራሷ መሸሸጊያ የምትፈልግ ሴት፤ ያላየችው የለም። ሆድ ይፍጀው ብላ ስንቱን እንደያዘች የምታውቀው እሷው ብቻ ናት።

አሠራሯ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። አንዲት መስመር ከማስመሯ በፊት ሰዎቹ ወደሚኖሩበት ቤት ሄዳ ትውላለች። ጥግ ይዛ ትቀመጥና ከውጭ የገባው ሰው ቁልፉን የት እንደሚወረውር፣ ማን ቀድሞ ከወንበር እንደሚነሣ፣ ልብስ በየትኛው ምስማር ላይ እንደሚከመር ታያለች። ከዚያ ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰዎቹን ራሳቸውን ትለካለች፤ ክርናቸው ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ እጃቸው ሲዘረጋ የት እንደሚደርስ። ግንበኞቹ በዚህ የተነሣ "እመት ሜትር" የሚል ስም አወጡላት። ደንበኞቿ ደግሞ "ኢንጂነር" ይሏታል። ኢንጂነር አይደለሁም ብሎ ማረሙን ከተወች ቆይታለች።

በዚያ ዓመት ጉልበቷ ደረጃ በወጣች ቁጥር ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ፤ ትዕግሥቷም እንደ ጉልበቷ ሆነ። አንድ ነጋዴ መጋዘኖች ንደፊልኝ ብሎ ሲመጣ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። "መጋዘን አይኳረፍም" አለች ለቢሮ ጓደኛዋ። "ጤፉ ከስንዴው ጋር ተጣልቶ በመሃላችን ግድግዳ ይቁም አይል።" ከእንግዲህ የሰው ቤት አልነካም ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

ስልኩ የተደወለው እንዲህ በወሰነች ሰሞን፣ ከምሳ በኋላ ዓይኗ በሚከደንበት ሰዓት ነው።

"ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ አያውቁኝም" አለች የማታውቃት ሴት። "እርስዎ በሠሩት ቤት ውስጥ ነው የምኖረው።"

"ጣሪያው አፈሰሰ?" አለች አርክቴክቷ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ጣሪያ ነው።

"ኧረ ጣሪያውስ ደኅና ነው። ወገቤ ነው እንጂ።"

አርክቴክቷ ሳታስበው ሳቀች። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። የፋርማሲስቱ ሚስት ነኝ፣ አዲሷ፣ አለች። አርክቴክቷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ እርሳሷን አስቀመጠች።

ያን ቤት እንዴት ትረሳዋለች። ያሠራችው የፋርማሲስቱ የመጀመሪያ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት የማይነካ፣ ከምላሷ በቀር ሁሉ ነገሯ ያነሰ ሴት። የመጀመሪያ ቀን ቢሮ መጥታ ገና ሳትቀመጥ፣ "ስሚኝ እህቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በርጩማ ላይ እየወጣሁ ነው የኖርኩት። በርጩማ የማልወጣበት ቤት ሥሪልኝ" አለች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ፈገግ ብሎ ነበር። እሱስ ምን እንደሚፈልግ ስትጠይቀው፣ "ለእኔ ምንም አይደል፤ እሷ የፈለገችው ይሁን" አለ። እንዳለውም ሆነ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ መደርደሪያው፣ የበር እጀታው፣ የመብራት ማብሪያው ሳይቀር በልብስ ሰፊዋ ክንድ ልክ ወረደ። የሳሎኑ መስኮት ደፍ ዝቅ ተደረገ፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እየሰፋች መንገደኛውን እንድታይ። "ሰው ምን እንደለበሰ ሳላይ ከዋልኩማ እንጀራዬ ተዘጋ" ብላ ነበር። አርክቴክቷ ስትለካት ሜትሩ ብብቷን እየኮረኮራት ሁለቱም በሳቅ ሞቱ።

ግድግዳው ቆሞ ልስን ሲጀመር ልብስ ሰፊዋ ታመመች። በሽታው በደሟ ውስጥ ነበር፤ ጊዜ አልሰጣትም። አንድ ቀን የልጇን ትከሻ ተደግፋ መጣችና በር ባልተገጠመለት ወጥ ቤት ገባች፤ ሲሚንቶው ገና ባልደረቀው ጠረጴዛ ላይ ክርኗን አስደግፋ "እፎይ" አለች። ቤቱን በሕይወቷ ያየችው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከቀብሩ በኋላ አርክቴክቷ ፋርማሲስቱ ዘንድ ሄዳ፣ ቤት የዘላለም ነውና ከፍታውን ሰው ሁሉ ወደሚለምደው ብንመልሰውስ ብላ ጠይቃው ነበር። ፊቱ ጠቆረ። "አንዲት ጣት ታህል እንዳይነካ" አለ። አልተነካም። ቤቱ ልብስ ሰፊዋ እንዳለችው ተጨረሰ። አርክቴክቷ ከሠራቻቸው ቤቶች ሁሉ እንደዚያ ቤት ባለቤቱን የመሰለ አልነበረም፤ ቁልፉን ካስረከበች ወዲህ ግን በዚያ በኩል እንኳ አልፋ አታውቅም።

አሁን እዚያው በር ላይ ቆማ ደወሉን ተጫነች።

የከፈተችላት ሴት ረዥም ነበረች፤ ረዥም ማለት አይገልጻትም። የትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ናት፤ በወጣትነቷ መረብ ኳስ ትጫወት ነበር። በሩ ጭንቅላቷን እንደማይነካው እያወቀች ስትገባ አንገቷን ትሰብራለች። የለመደባት ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

"ጎረቤቶቹ ቆጥ ይሉኛል" አለች ሻይ እየቀዳች። "እኔስ አልከፋኝም። ቆጥ ቢሆን ቢያንስ ከላይ ነው የሚሰቀል።"

ሻዩን የቀዳችው ወገቧን አጥፋ፣ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ነው። አርክቴክቷ ሜትሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሳታውቀው ጥግ ይዛ ተቀምጣ እንደ ድሮዋ ማየት ጀመረች። ሴትዮዋ ዕቃ ስታጥብ እግሮቿን ግራና ቀኝ አንፈራጥጣ ቁመቷን ታሳጥራለች። መሳቢያ ስትከፍት ቁጢጥ ትላለች። ሽንኩርት የምትከትፈው ትራስ አንጥፋ፣ ተንበርክካ ነው።

"መጀመሪያ ቀን እንዲህ ሆኜ ሲያየኝ ባለቤቴ የምጸልይ መስሎት ቀስ ብሎ ወጣ" አለች። "እኔም ዝም አልኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ሃይማኖተኛ ነኝ ብሎ ያስባል።"

ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን አሳየቻት። መስታወቱ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ፊት ለፊቱ ስትቆም የሚታየው የሸሚዟ ቁልፍና አንገቷ ብቻ ነው።

"ይኸውልዎት" አለች። "በዚህ ቤት ከአንገቴ በላይ የለሁም።"

"ለምን አልነገርሽውም?"

"ምን ብዬ እትዬ? የሟች ሚስትህ ቁመት አልተስማማኝም ልበለው?" ድምፏ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ድካም ነበር እንጂ። "ሰውየው ደግ ነው። ስመጣ ሁሉን አውቄ ነው የመጣሁት፤ ፎቶዋን አወርዳለሁ ቢለኝ እንኳ ይቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ የሞተ ሰው ላይ ቀንቼ አይደለም። ሐኪሙ ነው ጎንበስ ማለት አቁሚ ያለኝ። እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ጎንበስ ሳልል የማደርገው ነገር መተኛት ብቻ ነው። የዕቃ ማጠቢያዋን ብቻ፣ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልኝ ብዬ ነው። ይቻላል አይቻልም እሱን ብቻ ይንገሩኝ።"

ሳሎን ተመልሰው አርክቴክቷ ይቻላል ለማለት አፏን ስትከፍት የውጭው በር ተከፈተና የልብስ ሰፊዋ ልጅ ገባች። ልጅ ሳለች ነበር የምታውቃት፤ አሁን ሥራ የያዘች ወጣት ሆናለች። ቁመቷ ግን እናቷ ከቀረችበት አላለፈም። ሰላምታ ሰጥታ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች፤ ብርጭቆው እጇ ላይ ተገኘ። ውሃ ቀዳች፣ መብራት አበራች፣ ዝቅተኛው መስኮት ሥር ካለው የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች፤ ክርኗ ደፉ ላይ ልክክ አለ። ቤቱ በልኳ የተሰፋ ቀሚስ ሆኖላታል። አርክቴክቷ ያን ቤት ሲኖሩበት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ ሊላት ሲገባ ልቧ ፍስስ አለ። የስፖርት አስተማሪዋን ወገብ ማዳን ከዚህች ልጅ እናቷን መቀነስ እንደሆነ ገባት። ይኼኔ ነው እንግዲህ መጋዘን የሚናፈቀው።

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ሜትር አየች። "ምንድን ነው የምትለኩት?" አለች።

ልጅቱ ሜትሩን አየች፣ የእንጀራ እናቷን አየች፣ ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች።

ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው። ሳሎን ገብቶ አርክቴክቷን ሲያይ ሰላምታው አፉ ውስጥ ቀረ።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አለ።

"የናቀህ የለም" አለች ሚስቱ። "እኔ ነኝ የጠራኋቸው።"

"ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?"

"ልነግርህ ስል ሁልጊዜ ጎንበስ እንዳልኩ ነው የምታገኘኝ። ጎንበስ ብለው የሚያወሩት ነገር ልመና ይመስላል። መለመን አልፈለግኩም።"

ሰውየው ወደ አርክቴክቷ ዞረ። "እርስዎስ? በገዛ እጅዎ የሠሩትን! እሷ ስትለካ እዚህ አልነበሩም? ስትስቅ አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ" አለች አርክቴክቷ። "ቤት የምሠራው ግን ለሚኖርበት ሰው ነው።"

"ለየትኛው ሰው?" አለ ፋርማሲስቱ ልጁ ወዳለችበት ግቢ እየጠቆመ። "እሷስ አትኖርበትም?"

አርክቴክቷ ሜትሯን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። የስፖርት አስተማሪዋ እስከ በር ሸኘቻት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በከንቱ አደከምኩዎት" አለች። ማን ማንን ማጽናናት እንደሚገባው ግራ እየገባት አርክቴክቷ ጉልበቷን እየጎተተች ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አዘገመች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በመጋዘኖቿ አሳለፈችው። ሰፋፊ በር፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የጭነት መኪና መዞሪያ። ማንም አልደወለላትም፤ ማንም አላለቀሰባትም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ጠዋት ስትነሣ ሌሊቱን ሲሚንቶ ስትሸከም ያደረች ይመስል ሰውነቷ ድቅቅ ይላል። አርጅቼ ነው አለች።

አንድ ማለዳ ቢሮ ስትደርስ የልብስ ሰፊዋን ልጅ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት።

"ሄደች እኮ እትዬ" አለች ልጅቱ ገና ሳይገቡ።

"ተጣሉ እንዴ?"

"አልተጣሉም። 'ወገቤ እስኪሻለኝ እህቴ ጋ ልሁን' ብላ ነው የሄደችው። ግን የኳስ ጫማዎቿን ሁሉ ይዛ ነው። ወገቡን የታመመ ሰው የኳስ ጫማ ምን ያደርግለታል?"

አርክቴክቷ ወንበር ሳበችላት። ልጅቱ ተቀመጠች፤ እግሯ እንደ እናቷ ተንጠለጠለ።

"የዚያን ቀን ለአባዬ የደወልኩት እኔ ነኝ" አለች። "የእናቴን ቤት ሊያፈርሱ ነው አልኩት። ከሄደች ወዲህ ምግብ የምንሠራው እኔና አባዬ ነን። ትናንት ዕቃ ላጥብ ስል ተይ እኔ አጥባለሁ አለኝ። ጎንበስ አለ። ትንሽ እንደቆየ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፤ ልክ እንደ እሷ። እሱም እኮ አይመቸውም እትዬ! ይህን ሁሉ ጊዜ አይመቸውም ነበር። የተመቸው እኔን ብቻ ነው።"

ወደ አርክቴክቷ ቀና አለች።

"እናቴ በአያቴ ቤት ስለኖረችበት ጊዜ ነግራዎታለች?"

"በርጩማ ላይ ስትወጣ እንደኖረች ነግራኛለች።"

"የአባዬ እናትና እህቶቹ ሁሉም ረዣዥም ነበሩ። ጨው ከላይ፣ ስኳር ከላይ፣ ሰሃን ከላይ። እናቴ በርጩማ ስትወጣ ይስቁባታል። አንድ ቀን ወድቃ ክንዷ ተሰበረ፤ ያኔም ሳቁ። 'እኔን ሳያስቡ በሠሩት ቤት ውስጥ ወጣትነቴን ፈጀሁት' ትለኝ ነበር። ትናንት አባዬን ሳየው ትዝ አለኝ።" ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኛም እኮ ለእንጀራ እናቴ የአያቴን ቤት ነው የሠራንላት። ገልብጠን ሠራንላት እንጂ ያው ነው። ይምጡና ከፍ ያድርጉላት።"

"አባትሽስ?"

"አባዬን ለእኔ ይተዉልኝ።"

አርክቴክቷ ጉልበቷ እምቢ በይ እያላት፣ "ባለቤቱ እሺ ሳይል መዶሻ አላነሣም" አለች። "አብረን እንሂድ።"

ፋርማሲው ውስጥ ሰልፍ ነበር። ፋርማሲስቱ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ እያስረዳ ልጁን ከአርክቴክቷ ጋር ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ማንኪያውን ግን ሁለቴ አስረዳ። ሲጨርስ ረዳቱን ቦታው ላይ አቁሞ የመድኃኒት ካርቶን ወደተደረደረበት የጀርባ ክፍል ወሰዳቸው። ልጁ ለአርክቴክቷ ያለችውን ሁሉ ደገመችለት። ስለ አያቷ ቤት ስትናገር አቀርቅሮ ሰማ።

"ከበርጩማ መውደቋን አላውቅም ነበር" አለ። "ደረጃ አዳልጦኝ ነው ብላኝ ነበር።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እናቱና እህቶቹ በሚስቱ ሲስቁ እሱ ሥራ ላይ ነበር። አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

"ሞታለች፤ አውቃለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ግን ማታ ስገባ መብራት የማበራው እጄን ዝቅ አድርጌ ነው። እጄ ዝቅ ሲል አጠገቤ ያለች ይመስለኛል። በር ስከፍትም እንደዚያው። እሱን ከነኩብኝ በየት በኩል አገኛታለሁ?"

አርክቴክቷ በሥራ ዘመኗ ሰው ለምን ይህን ከፍታ እንደሚፈልግ ብዙ ምክንያት ሰምታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰምታ አታውቅም።

"እኔ አለሁ እኮ አባዬ" አለች ልጅቱ። "ማብሪያው እንዳለ ይቅር፣ በሩም እንዳለ ይቅር። መስኮቱንም እኔ እፈልገዋለሁ። ዕቃ ማጠቢያውና አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ብቻ ከፍ ይበል። መስታወቱንም ሰው ቆሞ ፊቱን እንዲያይበት እናድርገው።"

ፋርማሲስቱ ተነሥቶ ጋዋኑን አራገፈ። "የሚፈርስ ቀን እኔ ቤት አልውልም" አለ። እሺ ማለቱ ነበር።

ሥራው የተጀመረ ቀን ግንበኛው ገና በመጀመሪያው መዶሻ ሴራሚኩን ሲሰነጥቀው ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። አርክቴክቷ አልወጣችም። ስትሠራው እዚያ ቆማ ነበርና ሲፈርስም ቆማ ማየት ያለባት መሰላት። አቧራው ጉሮሮዋን አፈነው። ያ ልብስ ሰፊዋ ክርኗን ያሳረፈችበት ሲሚንቶ ከተሰባበረ በኋላ እንደማንኛውም ፍርስራሽ ሆነ፤ ግንበኛው በአካፋ ዝቆ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተው። የሚያስለቅስ ነገር ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር። አልነበረም። እግሯን ብቻ አመማት።

ለምሳ ሲወጡ ፋርማሲስቱን ግቢ ውስጥ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቷል። መቼ እንደመጣ ማንም አላየውም።

አርክቴክቷ አጠገቡ ተቀመጠች። "አልውልም ብለው አልነበረም?"

"ብዬ ነበር። ለደንበኞቹ የሳሉን መድኃኒት ለወገብ፣ የወገቡን ለሳል ልሰጥ ስል ረዳቴ ነው ወደ ቤትህ ሂድ ያለኝ።"

ግንበኛው ወደ ውስጥ ተመልሶ ቧንቧውን እየፈታ ለራሱ ያንጎራጉራል።

"እኔን ግን ለክተውኝ አያውቁም" አለ ፋርማሲስቱ ድንገት።

"ስጠይቅዎ ምን አሉኝ? እሷ የፈለገችው ይሁን።"

"ብያለሁ። እውነቴን ነበር። ለእኔ እሷ የምትፈልገውን ማወቄ ይበቃኝ ነበር።" ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። "አሁን ግን የእኔ የሚባል ጥግ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ የምቀመጥበት። ማንም መጥቶ 'በቀን ስንቴ ልዋጠው' የማይለኝ ቦታ።"

አርክቴክቷ ሜትሯን አወጣች። ቁጭ እንዳለ ጉልበቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ጀርባው እስከየት ድረስ መደገፊያ እንደሚፈልግ ለካች። ሰውየው ልብስ ሰፊ ፊት እንደቆመ ሕፃን ትንፋሹን ውጦ ተለካ። ሲጨርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ከት ብሎ ሳቀና ወዲያው ፊቱ ወደነበረበት ተመለሰ።

ሚስቱን ሊያመጣ የሄደው ራሱ ነው። ምን እንደተባባሉ አርክቴክቷ አልሰማችም፤ ለመስማትም አልፈለገችም። የመጨረሻውን ሥራ ልታይ የሄደች ዕለት ግን የስፖርት አስተማሪዋን ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ አቁማ፣ አዲሱ ዕቃ ማጠቢያ ፊት ለፊት ቆማ አገኘቻት። አባትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው ፈተና እንደሚጠብቅ ሰው ያዩዋታል። ሴትዮዋ ንጹሕ ብርጭቆ አንሥታ ማጠብ ጀመረች። አጥባ ጨረሰችና ግራ በገባው ፊት ዞረች።

"ከፍ አልበዛም?" አለች።

ፋርማሲስቱ ደነገጠ። ልጅቱ አርክቴክቷን አየቻት። አርክቴክቷ ግን የሴትዮዋን ትከሻ ነበር የምታየው፤ አሁንም እንደድሮው ወደፊት ጎብጧል።

"ከፍ አልበዛም። ጎንበስ ማለት ለምደሽ ነው" አለቻት። "ቀና በይ እስቲ።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ቀና አለች። ክርኗ ቦታውን አገኘ። የቤቱ ሰው ሁሉ የሷን ሙሉ ቁመት ያየው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ልጅቱ አንጋጣ እያየቻት፣ "ኧረ እንዲህ ነሽ እንዴ!" አለች። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ፋርማሲስቱ የድሮው ጠረጴዛ የነበረበትን ቦታ አየና ወደ ግቢ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ተመለሰ።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ተስተካከለ ማለት አይደለም። የስፖርት አስተማሪዋ ወገብ ከዚያም በኋላ ጨርሶ አልዳነም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ትተኛለች። እሷና ልጅቱ እናትና ልጅ አልሆኑም። ግን ወጥ ቤት ውስጥ፣ አንዷ በከፍተኛው በኩል ሌላዋ በዝቅተኛው በኩል ሆነው፣ አንዳንዴ ፊት ለፊት አንዳንዴ ጀርባ ለጀርባ ይሠራሉ። ልጅቱ ከላይ የተቀመጠ ነገር ስትፈልግ ትጠይቃታለች፤ ሴትዮዋም መሬት የወደቀ ነገር ስታይ ትጠራታለች። ለፋርማሲስቱ ጓሮ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ የድንጋይ መቀመጫ ተሠራለት። እዚያ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደዋል። ማብሪያው እንዳለ ነው። እንግዳ ሁሉ ግድግዳውን ከፍ ብሎ ሲዳስስ እነሱ ዝቅ በል ይሉታል።

አርክቴክቷ ያን ዕለት የመጨረሻውን ነገር አይታ፣ እግዜር ይስጥልን ተብላ፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር ወንበር አገኘች። ድሮ ቢሆን በየመንገዱ ያለውን ቤት እያየች፣ ይኸኛው ባለቤቱ ቅናተኛ ነው፣ ያኛዋ ልጆቿ ትተዋት ሄደዋል እያለች ትሄድ ነበር። አሁን ግን ገና አውቶቡሱ ሳይነቃነቅ አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ።

"እማማ" የሚል ድምፅ ነው የቀሰቀሳት። ሹፌሩ ነው፤ አውቶቡሱ ባዶ ሆኗል። "መጨረሻው ነው እማማ። ይውረዱ።"

እማማ መባሏ ትንሽ ከነከናት፤ ለመቆጣት ግን አቅም አልነበራትም። ወርዳ ዙሪያዋን አየች። ከቤቷ ብዙ አልፋ መጥታለች። የሚመለስ አውቶቡስ ይኖር እንደሁ ሹፌሩን ልትጠይቀው ስትዞር እሱም መሪው ላይ ክንዱን አጣምሮ ጋደም ብሏል። ተወችው። ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችና ሲጥ ሲጥ የሚለውን ጉልበቷን እየሰማች፣ በእግሯ ወደመጣችበት መመለስ ጀመረች።